ሙያ በልብ ነው ቢባልም

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በጉለሌ ለተሰበሰቡ አባላትና እንግዶች የቀረበ ንግግር



ለዕለቱ የተመረጠው ርዕስ የሠሩትን ሥራ ለማያውቅ ሰው ስለ መንገር ነው። አንድ የማኅበር ሰው ከአዲስ ገዢ፣ ከባንክ ብድር ክፍል ወይም ከሌላ ዩኒየን ተወካይ ጋር ሲገናኝ ያከናወነውን እንዴት ይናገር? ምን ያህሉን ይናገር? በምን ማስረጃ? ጉዳዩ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ምርት ይዞ ገዢ ያጣ፣ ደህና ሒሳብ ይዞ ብድር የተከለከለ ማኅበር ችግሩ ሲመረመር አንዳንዴ መነሻው እዚህ ላይ ይገኛል።

ሰው ስለ ራሱ ሥራ ማውራቱ እንደ ነውር ይቆጠራል። «ሙያ በልብ ነው» የሚለውን ብሂል ልጅ ገና አፉን ሲፈታ ይሰማዋል። እንግዳ ገብቶ ወጡን ሲያመሰግን ባለቤቲቱ «ኧረ ምንም የለውም፣ እንዲያው ነው» ትላለች፤ ሌሊቱን ስትደክም ያደረች ናት። ይህ ጨዋነት ስለሆነ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ጎረቤት ለጎረቤት ሲሆን ደግሞ በደንብ ይሠራል፤ ምክንያቱም ጎረቤት ወጡን ቀምሷል፣ ማሳውን አይቷል፣ ማን ደጋግሞ እንዳረሰና ማን እንደተኛ ያውቃል። ሙያው በልብ ቢቀመጥም መንደሩ ሁሉ ያየዋል። ችግር የሚመጣው ምርቱ ከመንደሩ ወጥቶ ማሳውን ወደማያውቅ ሰው ሲሄድ ነው። ያ ሰው ልብ ውስጥ ያለውን ሙያ የሚያይበት ዓይን የለውም።

በገበያ ትስስር መድረኮች ላይ የተገኘ ሁሉ የሚከተለውን ሳያይ አይቀርም። በአንድ በኩል የከተማው የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ በሌላ በኩል ከገጠር የመጡ ዩኒየኖች፣ ከጎን ደግሞ ነጋዴዎች ይቀመጣሉ። ሁሉም ራሱን ያስተዋውቅ ይባላል። ነጋዴው ተነሥቶ መጋዘኑን፣ መኪናውን፣ ያስረከበባቸውን መሥሪያ ቤቶች በአንድ ትንፋሽ ይዘረዝራል። የማኅበሩ ሰብሳቢ ተራቸው ሲደርስ ባርኔጣቸውን አውልቀው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማኅበራችን ደህና ነው፣ ጤፍ አለን» ብለው ይቀመጣሉ። ሰብሳቢው የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ጤፉ ስንት ኩንታል እንደሆነ፣ ማኛ ይሁን ሰርገኛ፣ አምና ለማን እንደተሸጠ፣ በቀኑ ደርሶ እንደሆነ አልተነገረም። ገዢው የሰብሳቢውን ጨዋነት አድንቆ ከነጋዴው ጋር ይፈራረማል። ከዚያ ወዲያ ነጋዴው ያንኑ ጤፍ ከዚያው ማኅበር አባላት ደጃፍ ላይ ገዝቶ ቢያመጣው የሚደነቅ አይሆንም።

የጉለሌ ባለሙያዎች

ይህን ጉዳይ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጉለሌ ራሱ በቂ ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ሽሮ ሜዳን ያገኛል። ከግራና ከቀኝ ነጠላ፣ ጋቢ፣ ቀሚስ፣ ኩታ ተሰቅሏል። ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ በየግቢው ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ መርገጫውን እየረገጠ መወርወሪያውን ከእጅ እጅ ያቀብላል። ብዙዎቹ ባለሙያዎች ወይም ወላጆቻቸው ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ናቸው። ወደ ቀጨኔ ሲታለፍ ደግሞ ሸክላ ሠሪዎቹ አሉ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ጀበናው፣ ድስቱ፣ ምጣዱ ከእጃቸው ይወጣል።

እነዚህ ባለሙያዎች ሥራቸውን የማይናገሩት በጨዋነት ብቻ አልነበረም። ለብዙ ዘመን ሙያቸው መሰደቢያ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ የሚያለፋው፣ ሸክላ የምትሠራው «ቡዳ» ትባል ነበር፤ ሸማኔውም ከንቀቱ አልዳነም። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ግን በአንድ ጊዜ አልጠፋም። አባቱ በሙያው የተሰደበበት ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ የአባቱን ሥራ ሲጠየቅ ዝም ቢል ምን ይገርማል? አገሪቱ በክብረ በዓል ቀን የምትለብሰውን የሚሠራው ሰው ሥራውን ደብቆ ይኖር ነበር። ስለዚህ ለጉለሌ ሸማኔ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» ብሎ መናገር የገበያ ዘዴ ከመሆኑ በፊት የሰውነት ክብር ጥያቄ ነው።

ዝምታው ዋጋ እንዳስከፈለ በዓይን ይታያል። ሸማኔው የሠራውን ጥሩ ጥበብ ለሱቅ ያስረክባል። ሱቁ ስሙን በሰሌዳ ጽፏል፣ የሸማኔው ስም ግን በጨርቁ ላይ የለም። ገዢዋ ደስ ብሏት ስትመለስ የምትመጣው ወደ ሱቁ እንጂ ወደ ሸማኔው አይደለም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የሐበሻ ጥለት በማሽን የታተመበት ጨርቅ ከውጭ ገብቶ በርካሽ መሸጥ ጀመረ። ከሩቅ ሲታይ ያው ይመስላል። ገዢው ልዩነቱን እንዲያውቅ ከተፈለገ አንድ ሰው ሊነግረው ይገባል፤ ድሩ ምን እንደሆነ፣ ማጉ በእጅ የተፈተለ መሆን አለመሆኑን፣ ጥለቱ ስንት ቀን እንደፈጀ። ያን መናገር የሚችለው የሠራው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። ሸማኔው ቢናገር እንኳ ፈታይዋ ትረሳለች። ጥጡን ባዝታ፣ በእንዝርት አሹራ ማጉን ያወጣችው ሴት ስሟ ከሸማኔው ስም በበለጠ የተሰወረ ነው። በገበሬ ማኅበራትም እንዲሁ ነው፤ ጤፉን ያረመችው፣ ወተቱን ያለበችው አንዳንዴ በአባልነት መዝገብ ላይ እንኳ የለችም። ሰብሳቢው ቆመው «ይህን ሠራን» ሲሉ «ሠራን» የሚለው ቃል ውስጥ ማን እንዳለ ቢያስቡበት መልካም ነው።

ቡናው እንዴት ተናገረ

ከኅብረት ሥራ ዓለም በዚህ ረገድ ጎልቶ የሚነሣው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ታሪክ ነው። አዋጅ ቁጥር 147/1991 ማኅበራት ተደራጅተው ዩኒየን እንዲመሠርቱ መንገዱን በጠረገበት ዓመት፣ በ1991 ዓ.ም.፣ በ34 መሠረታዊ ማኅበራት ተቋቋመ። ዛሬ አባል ማኅበራቱ ከ400 በላይ ናቸው። በዚያን ጊዜ ቡናው በጨረታ ማዕከል አልፎ በላኪ ነጋዴ እጅ ይወጣ ስለነበር የውጭው ገዢ የሚያውቀው የላኪውን ስም ነበር። ዩኒየኖች በቀጥታ ወደ ውጭ እንዲልኩ ሲፈቀድላቸው ሥራ አስኪያጁ አቶ ታደሰ መስቀላ ናሙና ይዘው ከአገር አገር መዞር ጀመሩ።

እስቲ ነገሩን ከገዢው ወንበር እንየው። አንድ የውጭ ቡና ቆዪ ስሙን ሰምቶት ከማያውቀው የገበሬዎች ድርጅት ለምን ይገዛል? አንድ ኮንቴይነር ማለት 60 ኪሎ የሚይዝ 320 ኬሻ፣ ከ19 ሺህ ኪሎ በላይ ቡና ነው። ናሙናው ጥሩ ሆኖ ኮንቴይነሩ ሌላ ቢሆን ገዢው ይከስራል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ቡና ጥንት የተገኘበት አገር ቡና ነው የሚለው ወሬ ብቻውን ኮንቴይነር አያስጭነውም። ዩኒየኑ ያቀረበው ሌላ ነገር ነበር፤ ቡናው ከየትኛው ማኅበር እንደመጣ፣ የታጠበ ይሁን ያልታጠበ፣ የተፈጥሮ ግብርናና የፍትሐዊ ንግድ የምስክር ወረቀት። በዚያ ላይ ከተጣራው ትርፍ 70 በመቶ ለአባል ማኅበራት እንደሚመለስ። ይህ የመጨረሻው ነገር ለገበሬው ገንዘብ ነው፣ ለገዢው ደግሞ «ይህ ድርጅት የሚለውን ያደርጋል» የሚያሰኝ ምልክት ነው። ከገዢው በፊት አባሉ አምኖታል ማለት ነውና።

በ1998 ዓ.ም. ሁለት እንግሊዛውያን ወንድማማቾች አቶ ታደሰን ተከትለው የሠሩት «ብላክ ጎልድ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ለሕዝብ ቀረበ። ፊልሙ የቡና ገበሬውን ችግር ያሳያል፤ አንድ ስኒ ቡና በውጭ አገር የሚሸጥበትን ዋጋና ገበሬው የሚያገኘውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ብዙ ሰው አስደነገጠ። ነገር ግን ለማኅበራት ሰዎች የሚጠቅመው ሌላው ገጽታው ነው። ሥራ አስኪያጁ በየስብሰባው ስለ ራሳቸው አይናገሩም። የሚናገሩት ስለ ገበሬዎቹ፣ ስለ ቡናው፣ በተመላሹ ገንዘብ ስለሚሠራው ትምህርት ቤት ነው። እንዲህ ሲሆን ጨዋነቱም ይጠበቃል፣ ሥራውም ይነገራል።

በዚያው ሰሞን የይርጋጨፌ፣ የሐረርና የሲዳሞ ስሞች ጉዳይ ተነሣ። መንግሥት በ2005 እ.ኤ.አ. ሦስቱን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። ሲዳሞ የሚለውን ቃል የያዘ የስታርባክስ ማመልከቻ ቀድሞ ገብቶ ነበር፤ የአሜሪካ የቡና ማኅበርም ተቃወመ። ክርክሩ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ተጻፈ። በ1999 ዓ.ም. መጨረሻ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለዛሬው ርዕስ የሚፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ስሙን ባለቤቱ ካልጻፈው ሌላው ይጽፈዋል። የሽሮ ሜዳው ጥለትና የይርጋጨፌው ቡና የገጠማቸው አንድ ዓይነት ነገር ነው፣ ልዩነቱ ቡናው ተከራካሪ ማግኘቱ ነው።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ተመሥርቶ ቡናው በዚያ በኩል ማለፍ ሲጀምር ዋጋን ለገበሬው ማሳወቅን የመሰለ ብዙ ጥቅም አምጥቷል። በሌላ በኩል ቡናው በደረጃና በአካባቢ ተደባልቆ ይሸጥ ስለነበር የአምራቹ ስም ለዓመታት ጠፋ። በቀጥታ የሚልኩ ዩኒየኖች ስማቸውን ይዘው ቆዩ። ይህን ዕድል ስንቱ ዩኒየን በሚገባ ተጠቀመበት የሚለው ለዛሬው በዓል ላይመች ይችላል፣ ግን ቢጠየቅ አይከፋም።

እውነት ይዞ አለመታመን

ሥራውን በትክክል የሠራ፣ በትክክልም የተናገረ ሰው ሁሉ ይታመናል ማለት አይደለም። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን ያስታውሷል። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። እናቶች ለዘመናት ልብስ ያጠቡበት ፍሬ የበሽታውን ተሸካሚ የሚገድል ሆኖ ተገኘ። በውጭ ተገዝቶ ከሚመጣው መድኃኒት ጋር ሲነጻጸር ገበሬው በደጃፉ ሊያበቅለው የሚችል ነው።

ፕሮፌሰሩ ግኝታቸውን ለዓለም ተቋማት ሲያቀርቡ ግን በቶሎ የሰማቸው የለም። በአፍሪካ የተሠራ ምርምር በራሱ አይታመንም ነበር፤ የመርዛማነት ፍተሻው በእነርሱ ደንብ፣ በእነርሱ ቤተ ሙከራ ካልተደገመ ተቀባይነት የለውም ተባለ። ዓመታት አለፉ። ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት በ1989 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከመጀመሪያው ምልከታ 25 ዓመት በኋላ። ፕሮፌሰሩ በበኩላቸው ችግሩ የሳይንስ ሳይሆን የአመለካከት እንደነበር በግልጽ ተናግረዋል።

ይህ ታሪክ ተስፋ ለማስቆረጥ አልተነሣም። ገበሬም ሆነ ሸማኔ ወደ አዲስ ሰው ሲሄድ ሚዛኑ እኩል ሆኖ እንደማይጠብቀው ማወቅ አለበት። አንዳንዱ አድማጭ ገና ሳይሰማ ወስኗል። ለእንዲህ ያለው አድማጭ ድምፅን ከፍ ማድረግ አይረዳም። ፕሮፌሰሩን የረዳቸው ጽሑፉ፣ ቁጥሩና አብሮ የሠራው ሰው ነው፤ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ምስክር

የአገሩ ባህል ስለ ራስ መናገርን ፈጽሞ ከልክሎ አያውቅም። ቦታና ሥርዓት አበጅቶለታል። ድሮ ጦረኛ ከዘመቻ ሲመለስ በአለቃው ፊት ግዳይ ይጥላል፣ ይፎክራል፣ የአባቱንና የራሱን ሥራ ይቆጥራል። ያን ጊዜ ማፈር የለም። ነገር ግን አብረውት የዘመቱ ሰዎች እዚያው ቆመው ይሰማሉ። ያልገደለውን ገደልኩ ቢል በዚያው አደባባይ ይዋረዳል። ስለዚህ ፉከራው ነጻ ወሬ አልነበረም፤ በምስክር ፊት የተደረገ ንግግር ነበር። የዛሬው የገበያ ትስስር መድረክ የጎደለው ይኸው ምስክሩ ነው።

ምስክር በብዙ መልክ ይገኛል። ከእንጦጦ ማዶ ከሱሉልታ በኩል ወደ ከተማ የሚገባውን ወተት እንውሰድ። ወተት አምራቹ «ውኃ የለበትም» ብሎ ቢምል መሐላው ብቻውን አይበቃም። ላክቶሜትሩ ወተቱ ውስጥ ይገባል፤ ንጹሕ የላም ወተት አብዛኛውን ጊዜ ከ1.026 እስከ 1.032 ባለው መጠን ውስጥ ይነባል። መሣሪያው የማንም ዘመድ አይደለም። ማኅበሩ የየዕለቱን ንባብ በደብተር ቢይዝ፣ የሦስት ወሩ ደብተር ከማንኛውም ንግግር በላይ ይናገርለታል። በጤፍና በበርበሬ ባዕድ ነገር ሲቀላቀል፣ በቅቤ ውስጥ ሌላ ነገር ሲገኝ ያየ የከተማ ሸማች ስለተጠራጠረ አይፈረድበትም።

የእንጦጦ ሯጮች በዚህ ዕድለኞች ናቸው፤ ሰዓቱ ይናገርላቸዋል። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ሲገባ የሚያውቀው አልነበረም፤ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ ሲገባ ማንም ማስረጃ አልጠየቀውም። የገበሬ ማኅበር ግን የሩጫ ሰዓት የለውም። ሰዓቱ መዝገቡ ነው።

መዝገቡ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያሳፍር ሆኖ ይገኛል። ለዓመታት ኦዲት ሳይደረግ የቆየ ማኅበር «ትርፋማ ነን» ቢል «ላም አለኝ በሰማይ» ከማለት የተለየ አይሆንም። ኦዲት መዘግየቱ ሁልጊዜ የማኅበሩ ጥፋት እንዳልሆነ ይታወቃል፤ በየደረጃው ያለው ኦዲተር ቁጥር ትንሽ ነው፣ ማኅበራቱ ብዙ ናቸው። የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች እዚህ ስለተገኙ ይህ በፊታቸው ቢነገር ይመረጣል። ገበሬው ያመረተውን አውቆ ሳለ ኦዲት ስላልተደረገለት ከባንክ የሚመለስበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።

ከኃላፊዎቹ ጋር የሚያያዝ ሌላም ነገር አለ፤ ሪፖርት ማሳመር። ከዕቅድ በላይ መቶ ሃያ በመቶ ተከናወነ የሚል ሪፖርት ሰምቶ የማያውቅ የለም። እንዲህ ያለው ሪፖርት በቢሮ ውስጥ ያስጨበጭብ ይሆናል፤ ገዢ ዘንድ ሲደርስ ግን እውነተኛውንም አብሮ ያበላሻል። ሞዴል አርሶ አደር የሚባለው አሠራር ብዙ ትጉሃንን አውጥቶ አሳይቷል፣ ሸልሟል፣ ጎረቤትንም አስተምሯል። ሆኖም ጎብኚ በመጣ ቁጥር ወደዚያው አንድ ግቢ እየወሰዱ ማሳየት ሲለመድ ጎረቤቶቹ ማመን ትተው መሳቅ ጀመሩ። የአንድ ሰው ማሳ ያማረው ማዳበሪያው ቀድሞ ስለደረሰው ከሆነ ይህ ተሞክሮ አይባልም።

ታዲያ የማኅበሩ ተወካይ ምን ይበል? ረጅም ንግግር አያስፈልገውም። ምን እንዳመረቱ፣ ስንት ኩንታል፣ ለማን፣ መቼ፣ በምን ደረጃ እንዳስረከቡ ይናገር። «ለዚህ የሸማቾች ማኅበር በጥር ወር 300 ኩንታል ሰርገኛ ጤፍ በሁለት ዙር አስረክበናል፤ የመረከቢያ ደረሰኙ ይኸውና፤ የገዢው ስልክ ቁጥርም አለ፣ ይደውሉላቸው» ያለ ሰው ጉራ አልነዛም። አድማጩ ራሱ እንዲያጣራ በር ከፈተለት እንጂ። ጉረኛ ሰው ስልክ ቁጥር አይሰጥም።

ያልተሳካውንም አንድ ነገር ቢጨምር ይጠቅመዋል። «አምና ሁለተኛው ዙር አሥር ቀን ዘግይቶብናል፤ መኪና አጥተን ነው፤ ዘንድሮ አስቀድመን ተዋውለናል» ቢል ብዙዎች ገዢው ይሸሻል ብለው ይፈራሉ። ልምድ ያለው ገዢ ግን መዘግየት እንዳለ ያውቃል፤ የሚፈልገው የሚደብቀውን ሰው መለየት ነው።

ስለ ራሳቸው መናገር አልሆንላቸው ላሉ ሽማግሌ ሰብሳቢዎችም መላ አለ፤ ባህሉ ራሱ ያስተማረው መላ። ሁለት ሆኖ መሄድ ነው። ጸሐፊው ተነሥቶ «እሳቸው አይነግሯችሁም እንጂ ማኅበሩ በዕዳ ተይዞ በነበረ ጊዜ አባላቱን ቤት ለቤት ዞረው የሰበሰቡ ናቸው» ቢል ነውር የለበትም። ሰብሳቢውም በተራቸው የጸሐፊውን ሒሳብ አያያዝ ያመሰግናሉ። አንዱ ለሌላው ይመሰክራል። ለወጣቱ አባል ግን ሽማግሌ እያለ መናገር ስለሚከብደው ሰብሳቢው አስቀድመው «አንተ ንገራቸው» ብለው ሊፈቅዱለት ይገባል። ሴት አባል ስትሆን ደግሞ ይህ ፈቃድ ሁለት ጊዜ መነገር ይኖርበታል።

ነገሩ ከጨዋነትና ከልማድ አልፎ ወደ ግዴታ እየሄደም ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የደን ጭፍጨፋን የሚመለከት ደንብ ቡናን ጨምሮ አንዳንድ ምርቶች ከየትኛው ማሳ እንደመጡ በመልክዓ ምድር አቀማመጥ መለኪያ ተመዝግቦ እንዲቀርብ ይጠይቃል። አፈጻጸሙ ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል። ቢራዘምም ዋናው መልእክት ግልጽ ነው፤ ሩቅ ያለው ገዢ ማሳውን ሊያይ ይፈልጋል። ጥላ ዛፉን ጠብቆ፣ ደኑን ሳይነካ ቡና ያመረተ ገበሬ ይህን ያደረገው ከአያቶቹ ጀምሮ ነው፤ ያደረገውን የሚያሳይ ወረቀት ግን በእጁ የለም። መዝገቡን ማደራጀት የአንድ ገበሬ አቅም አይደለም፣ የዩኒየን ሥራ ነው። አዋጅ ቁጥር 985/2009 ዩኒየኖችን ለአባላት አገልግሎት እንዲሰጡ ያቋቋማቸው ለእንዲህ ላለው ነገር ጭምር ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የተከበራችሁ አባላት፤ በአዳራሹ መግቢያ በተዘረጋው ጠረጴዛ ላይ ለየማኅበሩ አንድ አንድ ወረቀት ተቀምጧል። ለዩኒየኑ መዝገብ የሚሞላ ሲሆን አምስት ጥያቄዎች አሉት። ምን አመረታችሁ? ስንት? ለማን አስረከባችሁ? ምን ሳይሳካ ቀረ? የመጨረሻው፣ ይህን ማን ይመሰክራል? የሚል ነው። ጸሐፊዎች የሻይ ዕረፍቱ ሳያልቅ ሞልተው ለዩኒየኑ ሒሳብ ሹም ቢያስረክቡ ይመረጣል፤ እስክሪብቶ የሌላቸው ከጠረጴዛው ላይ ያገኛሉ።